«ኮምፒዩተሩ ተነስቷል» ብለው ለፈረሙት ኃላፊ

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆጤ፣ ደሴ

ለተከበሩ አቶ ምንተስኖት
የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ሕመሙ ብዙ ከመቀመጥ የሚመጣ ነው ይላሉና፣ ለወረዳው ሕዝብ ሲሉ የተቀመጡትን መቀመጥ ሁሉ ጌታ ይቁጠርልዎ።

እኔ ሊዲ ደጉ እባላለሁ። ሆጤ ውስጥ፣ በአንድ ጫማ መሸጫና በአንድ ዳቦ ቤት መካከል በምትገኝ ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። በስሜ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ባለፈው ጥቅምት 14 ቀን መዝገብ ቤትዎ ገብተው «ይቺ ደግሞ ማናት?» ያሏት ሴት እኔ ነኝ። ያን ዕለት መልሱን ሳይጠብቁ ስለወጡ፣ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ልኬልዎ ነበር፤ በሦስቱም ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ከማረፉ በቀር መልስ ስላላገኘሁ፣ አራተኛውን ቢያንስ ሌላ ሰው ያንብበው ብዬ ነው። የወረዳውን ስም ያልጠቀስኩትም በአክብሮት ነው። ከደሴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ መሆኑን መናገር ይበቃል፤ የማያውቀው አንባቢ የራሱን ወረዳ ስም ቢያስገባበት ብዙም የሚሳሳት አይመስለኝም።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ስል ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

የወረዳው የመሬት መዝገብ ድሮ በወረቀት ነበር። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ይዞታ በአንድ ገጽ ይሰፍራል፤ የባልና የሚስት ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍበታል፤ የአራቱ አቅጣጫ ወሰንተኞች ስም ይጻፍበታል። ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ገጾቹን በሙሉ ስካን አደረገና በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ፣ ማሽኑን ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ለአቶ ዘካሪያ አስረክቦ ሄደ። በማሽኑ ላይ የተጫነው ሊኑክስ ነበር። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒዩተርን የሚያሠራ፣ ነገር ግን ማንም ሰው በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ አጠቃቀሙን የሚያውቀው ዘካሪያ ብቻ ነበር፤ እሱም ትእዛዞቹን በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ እየጻፈ፣ ሲቸግረው ለእኔ እየደወለ የተማረው ነው።

ጦርነቱ ሲቃረብ ዘካሪያ ስክሪኑን ትቶ ማሽኑን ብቻ በማሽላ ጆንያ ከተተ፤ በአህያ ጭኖ ወስዶም አማቱ ቤት ጭድ ውስጥ ቀበረው። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ መዝገብ ቤቱ ከነመደርደሪያው ነዶ ጠበቀው። ማሽኑን ከጭዱ አውጥቶ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሌላ ስክሪን ፈልጎ ሰካው። ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቤተሰብ የመሬት መዝገብ በዓለም ላይ የሚገኘው በዚያ አንድ ማሽን ውስጥ ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ።

1. በመጀመሪያ፣ ያ ማሽን ቅጂ እንዳይኖረው ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ዘካሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ «ማሽኑ ቢበላሽ ሁሉም ነገር ይጠፋልና፣ ገጾቹን የምገለብጥበት ሁለተኛ ዲስክ ይታዘዝልኝ» ብሎ በጽሑፍ ጠይቆዎት ነበር። አራት ጊዜም «በቀጣዩ በጀት ዓመት ይታያል» ብለው መርተውለታል። በራሴ ፍላሽ ልገልብጠው ሲልዎትም «የመንግሥት ሰነድ በግለሰብ ኪስ አይወጣም» ብለው ከለከሉት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያው ሰነድ በግለሰብ አህያ ወጥቶ መትረፉን ያነሳብዎት ሰው አልነበረም፤ ዘካሪያ ጨዋ ሰው ነው።

2. ቀጥሎ የማመሰግንዎት ስለ ጥቅምት 14 ቀን ነው፤ ይህኛው ረዘም ይላልና ወገብዎን ደገፍ አድርገው ያንብቡልኝ።

ጥቅምት 12 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ። ከሦስተኛው በኋላ ማሽኑ አልነሳም አለ። ዘካሪያ ደወለልኝ።

«ሊዲዬ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ቀጥ ብሏል። ሞተብኝ መሰለኝ» አለኝ። ድምፁ ቤተሰብ እንደ ታመመበት ሰው ነበር።

«የመጨረሻውን መስመር ፊደል በፊደል አንብብልኝ» አልኩት። አነበበልኝ። የማውቀው ቃል ነበር። «አልሞተም። አጥፋውና ማንም እንዳይነካው፣ ሐሙስ እመጣለሁ» አልኩት።

ማሽኑ ምን እያለ እንደነበር ልንገርዎት። ኮምፒዩተር ሲነሳ መጀመሪያ የራሱን ዲስክ ይፈትሻል። መብራት በድንገት ሲጠፋበት የጀመረውን ጽሑፍ ሳይጨርስ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳም የዲስኩ ማውጫና ይዘቱ አልገጣጠም ይሉታል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ራሱ ያስተካክላል። ከበድ ካለ ግን ደፍሮ አይነካውም፤ «የሚያውቅ ሰው መጥቶ በእጁ ያጣራ» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። የማያውቀውን ነገር ከመነካካት የሚያውቅ ሰው መጠበቅን የመረጠ ማሽን ነበር። በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው እሱ ብቻ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደረስኩ። ዲስኩ ውስጡ የሚሽከረከር አሮጌ ዓይነት ነበርና፣ ጆሮዬን ሳስጠጋ አልፎ አልፎ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ጥገና አይጀመርም፤ ቢሞት ከነያዘው ነው የሚሞተው። መጀመሪያ ያለውን መገልበጥ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ። ስለዚህ ማሽኑን በራሴ ፍላሽ ላይ ባለ ሌላ ሊኑክስ አስነሳሁትና፣ የእርስዎን ዲስክ እንዲነበብ ብቻ፣ ምንም እንዳይጻፍበት አድርጌ ከፈትኩት። ፋይሎቹ በቀበሌ ተደርድረው ወጡ። ሁሉም ነበሩ።

ዘካሪያ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ወዲያው ወደ በሩ ዞሮ «እትዬ ሳሊሃ፣ ይምጡማ!» ብሎ ተጣራ።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ተነሳች። እርስዎም ያውቋታል፤ በአጠገቧ ብዙ ጊዜ አልፈዋል። ወይዘሮ ሳሊሃ የ07 ቀበሌ ገበሬ ናት። ባሏ በሺር ከጦርነቱ በፊት ታሞ ሞተ፤ በጦርነቱ ደግሞ ቤቷ ሲቃጠል የይዞታ ደብተሯና በቤቷ የነበረው የባሏ ፎቶ ሁሉ አብሮ ነደደ። የባሏ የአባት ልጅ ወንድም ሱሌማን፣ መዝገብ ቤቱም መቃጠሉን ከሰማ በኋላ፣ «መሬቱ ያልተከፋፈለ የአባቴ ነው» ብሎ ከምንጩ በታች ያለውን ማሳዋን አረሰባት። ከሰሰችው። ፍርድ ቤቱም ጽሕፈት ቤትዎ መዝገቡን እንዲልክ አዘዘ። ትእዛዙ የደረሰው ሰኞ ነበር፤ ማሽኑ የወደቀው ማክሰኞ።

ዘካሪያ 07 ቀበሌን ከፍቶ ገጿን አወጣላት። ስክሪኑ ሞላ። በግራ በኩል ጢሙን አሳጥሮ የተላጨ፣ ካሜራውን በጥርጣሬ የሚያይ ሰው፤ በቀኝ በኩል እሷ፣ ወጣት ሳለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ። ከሥር የማሳው ስፋት፣ አራቱ ወሰንተኞች፣ ፊርማ፣ ማኅተም።

ሳሊሃ ቀስ ብላ መጥታ በጣቷ ጫፍ የስክሪኑን መስተዋት ነካች። «በሺር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልጄ፣ ይኸን ልጄ ሙና ልታየው ትችላለች? መልኩን ትረሳለች እያልኩ ስፈራ ነበር» አለችኝ።

«አብሽሩ፣ ዛሬ አትመን እንሰጥዎታለን» አልኳት። አይዞዎት ለማለት አብሽሩ ማለትን ከወሎ ሰው ጋር ስኖር ለምጄዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ምነው ባላልኩ ኖሮ።

ይዤ ወደመጣሁት ዲስክ መገልበጡን አስጀመርኩ። ዲስኩ የታመመ ስለሆነ በዝግታ ነበር የሚሄደው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብዬ አሰላሁ። ከ01 ቀበሌ ጀምሮ ወደ 02 ሲሻገር እርስዎ ገቡ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ከደሴ ያመጣኋት ባለሙያ ናት፣ ጌታዬ። ማሽኑን እያዳነችልን ነው» አለ ዘካሪያ ተነስቶ።

«በማን ደብዳቤ?»

እኔ «ጌታዬ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ አመጣለሁ፤ ዲስኩ ግን ድጋሚ ከጠፋ መልሶ ላይነሳ ይችላል» አልኩዎት። ይህን የተናገርኩት ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ ለባለሥልጣን እንደሚገባው ዝቅ ባለ ድምፅ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

«እህቴ፣ ይኼ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረው «ንቀለው፤ ክፍሉም ይታሸግ» አሉ።

ሰውየው መስመሩን ከግድግዳው ነቀለ። በሺር ከስክሪኑ ጠፋ። ሳሊሃ «ኸረ ጌቶች፣ ስለ አላህ፣ አንዴ ብቻ ይታተምልኝ» ስትልዎት «በሥርዓቱ ይስተናገዳሉ፣ እናቴ» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ። ለትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ትከሻዋን ባይነኩ ኖሮ ነገሩ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር።

3. ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። «የኮምፒዩተሩን ብልሽት የሚያጣራ» አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በአሥራ ሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤዎቹን አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ያልተፈቀደላት ግለሰብ እንዴት ገባች» በሚል አጀንዳ ላይ የተወያየ ነው፤ ሁለተኛው ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ የተበተነ ነው፤ ሦስተኛው ለዘካሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወደ ሩቅ ቀበሌ እንዲዛወር የወሰነ ነው። በሦስቱም ውስጥ «ዲስክ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ያ ደብተር፣ ትእዛዞቹን የጻፈበት፣ ከዘካሪያ ጋር አብሮ ሄደ።

በእነዚያ አሥራ ሁለት ሳምንታት ሳሊሃ በየሰኞው፣ የገበያ ቀኗን እየተወች፣ መጥታ «ተነሳ ወይ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። «ገና ነው» ይሏታል። አንዳንድ ሰኞ የሚላትም ስለማይኖር፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማሸጊያ አይታ ትመለሳለች።

4. ጥር 6 ቀን ከኮምቦልቻ ባለሙያ ስላስመጡ አመሰግናለሁ፤ በደብዳቤ ነበርና ምንም እንከን የለውም። ባለሙያው ሂሻም ይባላል፤ ወጣትና ጨዋ ሰው ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ ከወር በኋላ ስልኬን ፈልጎ አግኝቶ፣ የሆነውን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

«እህቴ፣ ያ ነጭ ጽሑፍ መጣብኝ፤ እኔ ሊኑክስ ብዙም አላውቅም» አለኝ። «ኃላፊውን ‹ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ?› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹አሮጌ ነው፤ አጽዳና እንደ ሌሎቹ ዊንዶውስ ጫንበት፤ ከምሳ በፊት ጨርስልን› አሉኝ። ፎርማት አደረግሁት። በአምላክ፣ ማንም አልነገረኝም።»

ፎርማት ማለት፣ ለአንባብያን፣ ዲስኩን ባዶ ነህ ብሎ ማወጅ ነው።

ማሽኑ በአርባ ሰከንድ መነሳት ጀመረ። እርስዎም በዚያው ዕለት «የኮምፒዩተሩ ችግር ሙሉ በሙሉ ተፈቷል፤ ኮምፒዩተሩ ተነስቷል» የሚል ሪፖርት ፈርመው ላኩ። በሪፖርቱ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ተነስቷል።

5. አምስተኛው ምስጋናዬ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ፍርድ ቤቱ የጠየቀውን መልስ ላኩ። «በጽሕፈት ቤታችን የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ በወይዘሮ ሳሊሃ ስም የተመዘገበ ይዞታ አልተገኘም።» በስሟ ብቻ አይደለም፤ በማንም ስም አልተገኘም፤ የእርስዎ የራስዎ ዘመድ ቢፈለግ ኖሮም አይገኝም ነበር። ያንን ግን አልጻፉትም፤ አልተጠየቁማ።

ለምስክርነት ቀርቤ ነበር። ገጹን በዓይኔ ማየቴን፣ ፎቶዎቹን፣ ወሰንተኞቹን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙኝና «ቅጂ አለዎት?» አሉኝ። ያተረፍኩት ቅጂ የ01 ቀበሌንና የ02ን ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ የእሷ 07 ነው። ያንንም ለጽሕፈት ቤትዎ ሳስረክብ «ምንጩ ያልታወቀ» ተብሎ ተመልሶልኛል። ሳሊሃን «ወሰንተኞችሽ ይምጡ» አሏት። ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አራተኛው ሱሌማን ራሱ ነው።

በየካቲት ተፈረደባት።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለጊዜው ላቁምና ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር፤ አንባቢ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስለው። ገጿ ስክሪኑ ላይ በተከፈተበት ሰዓት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ካሜራ ያለው ስልክ ነው። አውጥቶ አንድ ፎቶ ማንሳት እስትንፋስ ያህል ጊዜ አይፈጅም። ወይም ከ01 ከመጀመር 07ን ማስቀደም ይቻል ነበር፤ ሴትየዋ አጠገቤ ቆማ ነበር። አላደረግሁትም። ሥራዬን በሥርዓቱ፣ ከአንድ ጀምሬ፣ በተራ መሥራት ፈለግሁ። ሁለት ሰዓት ያለኝ መስሎኝ ነበር። ኃላፊ ሆይ፣ በዚህ አንድ ነገር እኔና እርስዎ እንመሳሰላለን፤ ስለዚህም ይሆናል ይህን ሁሉ ጊዜ እርስዎን ማሰብ ያልተውኩት።

ከፍርዱ በኋላ ሳሊሃ የዳቦ ቤቱን በር አልፋ ወደ ሱቄ መጣች። ልትወቅሰኝ የመጣች መስሎኝ ተነስቼ ቆምኩ። የመጣችው ግን የበሺርን ፎቶ ልትጠይቀኝ ነበር።

«መሬቱስ ይቅር፣ አላህ ያውቃል። የሱን መልክ ብቻ ከዚያ ሳጥን ማውጣት አይቻልም ወይ?» አለችኝ።

«እየሞከርኩ ነው» አልኳት። ውሸት ነበር፤ ዲስኩ በእርስዎ ቢሮ ነውና በምን እሞክራለሁ።

አሁን ኮምቦልቻ ናት። በአንድ ቤት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ፣ እህል ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ በቀን ሥራ ትውላለች። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ጠየቅኋት፤ በአቧራው ምክንያት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ልጇ ሙና አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ በሒሳብ ጎበዝ ነበረች ይላሉ። ሚያዝያ ላይ ትምህርቷን ትታ በደላላ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳለች። በፓስፖርቷ ላይ ያለው ዕድሜ የእሷ አይደለም። እናቷ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ሄዳ ደውላ ነበር፣ አንድ ጊዜ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። እኔም ቁጥሩን ወስጄ ሞክሬዋለሁ፤ በየቀኑ ጠዋት ሱቄን ስከፍት እሞክረዋለሁ።

ለሌሎቹ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ቤተሰቦች ገና አልተነገራቸውም። አብዛኞቹ መዝገባቸው ያለ ይመስላቸዋል። የሚያውቁት አንድ ቀን ወንድም ወይም ጎረቤት ድንበራቸውን ገፍቶ ሲገባ፣ መጥተው ሲጠይቁና «አልተገኘም» ሲባሉ ነው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ይህን ያህል ያመሰገንኩዎት ለወግ ብቻ አይደለም፤ የምለምንዎት ነገር አለኝ፤ ይህን ያለ ምንም ስላቅ ያንብቡልኝ።

ፎርማት የተደረገ ዲስክ ባዶ አይደለም። ባዶ ነው የተባለ ነው እንጂ። የድሮዎቹ ገጾች አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ተኝተዋል፤ ማውጫው ብቻ ነው የተቀደደው። ዊንዶውሱ ሲጫን የተወሰኑትን ረግጧል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚረግጣቸው የየዕለቱ ሥራ ነው። አንድ ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ በተጫነ ቁጥር፣ ማሽኑ ባዶ የተባለ ቦታ ፈልጎ ይጽፍበታል፤ የጻፈበት ቦታ የአንድ ሰው ማሳ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ እኔም ማሽኑም አናውቅም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ፣ የዛሬ ሦስት ወር፣ «ማሽኑ ዛሬውኑ ይጥፋና ዲስኩ ይውጣ፤ ያለ ክፍያ፣ በሦስት ምስክር ፊት፣ በእርስዎ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሚወጣውን አወጣለሁ» ብዬ ነበር። ዛሬም እላለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሁሉም ግን አልጠፋም። ዘካሪያም ቢጠራ ይመጣል፤ ጠይቄዋለሁ። «ማሽኑ ከሆነ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» ነው ያለኝ።

ደብዳቤ ያስፈልጋል ካሉ፣ ይኸው ደብዳቤ። ማኅተም ያስፈልጋል ካሉ፣ የሱቄ ማኅተም አለኝ፤ ክብ ነው።

በከፍተኛ ትሕትና፣ ከሥልጣንዎ በታች ቆሜ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎትና ከወንበሩ የሚነሱበትም ቀን በሰላም እንዲሆንልዎት እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ሊዲ ደጉ
ኮምፒዩተር ጠጋኝ፣ ሆጤ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዘካሪያ፣ ወደተዛወሩበት ቀበሌ
ለአቶ ሂሻም፣ ኮምቦልቻ
ለወይዘሮ ሳሊሃ፣ ኮምቦልቻ (ማንበብ ስለማይችሉ ራሴ ሄጄ አነብላቸዋለሁ፤ አምስተኛውን ቁጥር ግን እዘለዋለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬ ልብዎን ነክቶት መልስ ሊጽፉልኝ ቢነሱ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እባክዎ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ አይጻፉት። በእስክሪብቶ፣ በወረቀት ይጻፉት። የእርስዎ መልስ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ቢሆንም፣ ከሥሩ የተኛው የማን መሬት እንደሆነ አናውቅም።